የሴቶች ማጠናከሪያ ትምህርት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ርዕሰ መምህራችን «ሴቶች ወደኋላ ቀሩ» ብለው የማጠናከሪያ ትምህርት አስጀመሩልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ። በእኛ አገር ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እህሉን ተሸክማ ገበያ የምትወርደውም ሴት ናት። እሳቸው ይህን ከየት ይወቁት? ለቤታቸው የሚሸምቱት ባለቤታቸው ናቸው።

ሊያስተምሩን የተመደቡት መምህርም ባዶ ክፍል ከማስተምር ብለው ወንዶቹን ሰበሰቡ። ጤፌን አዝዬ በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ፣ ወንድሜ «ለሴቶች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ሒሳብ ይሠራል። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ ጢም ብሎ ሲያዩ ደስታቸው ወሰን አጣ።

ማምሻውን ቤት ስገባ እናቴ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበች። ለእኔ መስሎኝ ጫማዬን ሳወልቅ፣ «ቶሎ በይ እንጂ! ወንድምሽ የሴቶችን ትምህርት ሲማር ውሎ ደክሞታል፤ እግሩን እጠቢው» አለችኝ።