የዓሣ ቤት በሬክስዴል ጋራዥ

ሰው ሊረዳችሁ ብሎ ሥራችሁን አሳምሮ አበላሽቶባችሁ ያውቃል? ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ከእንጨት የወፍ ቤት ሠርቶ መጣ። አባቱ ሊያግዙት ብለው የወፏን መግቢያ ቀዳዳ በሚያምር ጌጥ ደፍነውለታል። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን የጓደኛዬ አባት ጋሽ ታደሰ ትዝ ብለውኝ ሳቄ መጣ።

ኮሌጅ ሳለሁ ነው። የቶሮንቶ የሐይቅ ዳር ግድግዳ አብዛኛው ልሙጥ ነው፤ ማዕበል ይመልሳል እንጂ ለዓሣ መጠለያ አይሆንም። የእኔና የጓደኛዬ የሳምራዊት የመመረቂያ ሥራ እዚያ ላይ የሚንጠለጠሉ፣ ቀዳዳ የበዛባቸው የኮንክሪት ሰሌዳዎች መሥራት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ሻካራ ነገር ላይ አልጌ፣ ያ አረንጓዴ የውሃ ዝልግልግ፣ ይይዛል፤ አልጌውን ነፍሳት ይበሉታል፤ ነፍሳቱን ፍለጋ ትንንሽ ዓሣ ይመጣል፤ ትልቁ ዓሣ ሲያሳድደው ደግሞ ትንሹ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ማብራራት ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም።

ሰሌዳዎቹን ያፈሰስነው ሬክስዴል በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር፣ በሳምራዊት ቤት ጋራዥ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ስለነበር ጓሮው የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይሸታል። ድብልቁ ጠንከር እስኪል በቆሎ ልንበላ ወጣን። ኮሌጁ የሰጠን ሲሚንቶ ለዚያ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ከተበላሸ መመረቂያ የለንም።

ስንመለስ አባቷ ጋሽ ታደሰ ማለስለሻቸውን እየጠረጉ ነው። ዕድሜያቸውን የእግረኛ መንገድ ኮንክሪት ሲያለሰልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀዳዳዎቻችን ሁሉ ተደፍነው ሰሌዳው እንደ መስተዋት ያበራል።

“ጋሼ፣ ምን አደረጉት?” አልኩ።

“ሰው አስመሰልኩት! ከእኔ ጋራዥ እንዲያ ተዝረክርኮ ወጥቶ ማን ይስቅብኝ?”

“ዳድ፣ ኖ! ዓሣው የት ይደበቅ?” ብላ ሳምራዊት ጮኸች።

“ዓሣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ልስን የሚጠላው?”

ሲሚንቶው እየደረቀ ነበር። እጄ ላይ የቀረውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ሰሌዳው ላይ አንከባለልኩት፤ ፍሬው የወጣበት ጉድጓድ ሁሉ ታተመ። ሳምራዊት ከጓሮ የተጣለውን ቆረቆንዳ ለቃቅማ መጣችና በጫፉ እየወጋች ጥልቅ ቀዳዳ ታወጣ ጀመር። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን አዞሩ።

“እኔ ይህን ማየት አልችልም” አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን “በሉ እስቲ፣ አንዱን አምጡ” ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከሁላችን ይበልጥ ያጎረበጡት እሳቸው ነበሩ።

በቀጣዩ ሰመር ጋሽ ታደሰን ሐይቁ ዳር፣ ሰሌዳዎቹ ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠሉበት ወሰድናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሱፋቸውን እንደለበሱ የብረት አጥሩን ተደግፈው ጎነበሱ። ድንገት ከአንዱ ቀዳዳ ጣት የማታህል ዓሣ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች።

“ተከራይ ገብቶበታል!” ብለው ጮኹ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ማብራሪያ ልጀምር ስል ሳምራዊት በክርኗ ጎሸመችኝ።

ዛሬ ሰሌዳዎቹ አረንጓዴ ለብሰው ለሚያልፍ ሰው ያላለቀ ሥራ ይመስላሉ። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኛል። እናንተም ሐይቅ ወይም ወንዝ ዳር ስትሄዱ ከግድግዳው ሻካራውን ቦታ ፈልጉ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ዓሣው ይሸሻል። ጎንበስ ብላችሁ ትንሽ ታገሱ፤ እስቲ ሞክሩት።