ሞራ የሚገልጥ ሰው መጥቷል

እናቴ «ስምንተኛው ሺህ»ን የማታውልበት ነገር አልነበረም። ዝናብ ሲዘገይ «ስምንተኛው ሺህ አይደል?» ትላለች፤ ሲበዛም ያው ነው። ጎረቤት ሰላም ሳይላት ሲያልፍ፣ በግ ሦስት ሲወልድ፣ የወንድሜ ሚስት ሽሮው ላይ ጨው ሲበዛባት፣ ሁሉም የዓለም ፍጻሜ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ ባሕረ ሐሳብ የሚማር ዲያቆን ቤታችን እህል ሊቀምስ ገብቶ፣ የዘመኑን ቁጥር በጣቱ ካሰላ በኋላ «እማማ፣ ስምንተኛው ሺህ እኮ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል» አላት። እናቴ ቅንጣት አልደነገጠችም።

«ለዚያ ነዋ እንዲህ የከረፋ» አለችው።

እኔ እንደሷ አይደለሁም። መጠራጠር የጀመርኩበትን ቀን እንኳ አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የጌታ ዳግም ምጽአት በሚታሰብበት በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ባሕታዊ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ተናገረ። ከፋሲካ በፊት ሦስት ቀን ጨለማ ይሆናል፤ ከዚያ ጌታ ይመጣል፤ በጨለማው ውስጥ ከጧፍ በስተቀር የሚበራ መብራት አይኖርም አለ። እናቴ በሳምንቱ ገበያ ወጥታ አንድ እስር ጧፍ ገዛች። ቆሎ ቆላች፤ እንስራዎቹን ሁሉ ውኃ ሞላች። እኔም የቤት ሥራዬን መሥራት አቆምኩ። ዓለም ሊያልፍ የማባዣ ሠንጠረዥ ምን ያደርግልኛል?

የተባለው ቀን ደረሰ፤ ፀሐይ እንደልማዷ ወጣች። መምህራችን የቤት ሥራ ያልሠራ ብሎ አንበረከከኝ። ምክንያቴን ብነግረው ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ እያለቀስኩ «ለምን አልመጣም?» አልኳት እናቴን።

«ታገሠና። የሚጠብቀው ሰው አለ።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ቆሎውን አቀረበችልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሎ በላን፤ ጧፉን ግን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ያን ቀን ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ዘጋሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አድጌ ደብረ ማርቆስ ሥራ ስይዝም፣ በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ዛፉ ሥር እቆማለሁ፤ «ይመጣል» ሲባል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ልቤ ግን ያቺ የተንበረከከች ልጅ ዘንድ ነው።

ለእናቴ ጨለማው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የሦስት ቀን ሳይሆን የሦስት ዓመት ሆኖ። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማግባት አቃታት። ቀጥሎ ወንድሜን በድምፁ ካልሆነ መለየት ተሳናት። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በሰው እጅ እየተመራች ሆነ። ብሌኗ ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ነገር ይታያል። ጠበሉን ተጠመቀች፤ ደግ አደረገች አልኩ። ሐኪም ቤት ስላት ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት።

«ሊመጣ ነው እኮ። ሲመጣ ይከፍተዋል። ለቀረችው ለጥቂት ቀን ብዬ ዓይኔን መቀስ ላስነካ?»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በዚህ መልስ ስንት ጊዜ ስልክ እንደዘጋሁባት ብቆጥረው ያሳፍረኛል።

ባለፈው ጾም፣ መንገዱ ደኅና በነበረበት ሰሞን፣ የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ ሳምንት የዓይን ሞራ በነፃ ሊያነሡ ነው ተባለ። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ወሬውን ዓርብ ቢሮ ሰምቼ ወዲያው ወደ ወንድሜ ስልክ ደወልኩና ለእናቴ አቀበላት።

«እምዬ!» አልኩ እየጮህኩ። «ያንቺ ነገር ሞራ ነው! የዓይን ሞራ! የሚገልጥ ሰው እዚህ መጥቷል! ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ!»

ኔትወርኩ እንደልማዱ ግማሹን ዋጠው። ከወዲያ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደስታ ነው ብዬ ገመትኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ወንድሜ በሬዎቹን የሚያይ መስሎ ከደጅ ቀርቷል። እናቴ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። የንስሐ አባቷ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሽማግሌ ቄስ፣ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣች?» አለች እናቴ ለግድግዳው።

«መጥታለች» አሉ ቄሱ።

«መጀመሪያ ታማትብ።»

ሳይገባኝ አማተብኩ። አባም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እናትሽን ሞራ ከሚገልጥ ሰው ዘንድ ልትወስጃት ነው አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ አባ! በጣም ጎበዝ ናቸው ይባላል። እስከ ሰኞ ካላስመዘገብኳት ግን ያልፈናል።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች እናቴ። «ሰሟት? ጭራሽ በመዝገብ ሆኗል!»

«የሚታረደውስ በግ ነው?» አሉ አባ። «ለዚያውም በጾም?»

«የምን በግ?» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጮህኩት ሁሉ እናቴ ጆሮ የደረሰው «ሞራ... የሚገልጥ ሰው... እወስድሻለሁ» የሚለው ብቻ ነው። ሞራ ገላጭ! የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ «ዘንድሮ እንዲህ ይሆናል» እያለ መጪውን የሚናገር ሰው። ለእናቴ ከጠንቋይ አይለይም። ከተማ የገባች ልጇ፣ ጌታ ሊመጣ ደጅ በቆመበት ሰዓት፣ እሷን ጠንቋይ ቤት ልትጎትት መሆኑን ሰምታ እህል ሳትቀምስ አድራለች።

«ኧረ የዓይኗን ነው! የዓይኗን ሞራ! ሐኪሞች ናቸው!»

አባ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን ፊቷን አላዞረችም።

«እሺ፣ ሐኪም ይሁን» አለች። «ሐኪምም ቢሆን አልሄድም። ሊመጣ ነው። ሲመጣ ይከፍተዋል።»

ስድስት ሰዓት ሙሉ ሚኒባስ ላይ ተጨናንቄ መጥቻለሁ። ሰኞ ሊያመልጠን ነው። ሦስት ዓመት በልቤ የያዝኩት፣ ኧረ ሠላሳ ዓመት የያዝኩት፣ ያለ ፈቃዴ አፌ ላይ መጣ።

«ባይመጣስ?»

እናቴ ያን ጊዜ ዞረች። በማያዩት ዓይኖቿ እኔ ያለሁበትን ፈለገች፤ እንባዋም ወረደ። ስለ ዓይኗ አንድ ቀን ያላለቀሰች ሴት ለእኔ አለቀሰች። አፈርኩ። ቃሉን ግን አልመለስኩትም፤ እውነት ነበርና።

አባ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው መጀመሪያ የጠሩት እናቴን ነው።

«አንቺ፣ ልጅሽን ያላሰበችውን አሰበች ብለሽ ጠርጥረሻል። በጾም። ቀኖና አለብሽ።»

«ይገባኛል፣ አባቴ። ስግደቱንም ይዘዙብኝ፣ ጾሙንም ይጨምሩብኝ።»

«ስግደት አይደለም። ሰኞ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ዓይንሽን ትታከሚያለሽ።»

«እንዴ! አባ! ይሄ ቀኖና ነው?»

«እኔ ካልኩ ነው። ጌታው ከመንገድ የሚመለስበት ሎሌ በር ከፍቶ፣ መንገድ መንገዱን እያየ ይጠብቃል እንጂ ዓይኑን ጨፍኖ ‹ሲገባ ይቀሰቅሰኛል› ይላል? የሱን መምጣት ጎረቤት እያወራልሽ ልትሰሚው ነው ወይስ ልታይው ነው?»

እናቴ ሕይወቷን ሙሉ ከንስሐ አባቷ ቀኖና አንዲት አጉድላ አታውቅም። አባ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«አንቺ ደግሞ» አሉኝ። «ጥያቄሽን እኔ ዛሬ ልፈታልሽ አልችልም፤ አልቆጣሽምም። ቀኖናሽ ግን ይሄ ነው። ለደብረ ዘይት መልሰሽ ታመጫታለሽ፤ ከጎኗ ቆመሽ እስከ መጨረሻው ታስቀድሻለሽ። ከኋላ ዛፍ ሥር ሆኖ ስልክ መነካካት የለም።»

ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

ሰኞ አስመዘገብኳት፤ ማክሰኞ ተራዋ ደረሰ። ከሕክምናው በፊት ነርሷ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ስትጨምርባት ምሬቱ ጉሮሮዋ ደረሰ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ጾመኛ ናት።

«ጾሜን አስገደፍሽኝ!» አለች እናቴ።

«ኧረ እማማ፣ በዓይን የገባ ጾም አያስገድፍም» አለች ነርሷ እየሳቀች።

«ዓይንማ ነው ዋናው አስገዳፊ!»

መጀመሪያ ቀኝ ዓይኗን ሠሩላት። ሌሊቱን ታሽጎ አደረ። ረቡዕ ጠዋት እንደሷ አንድ አንድ ዓይናቸው የታሸገ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ወጣቱ ሐኪም ከዳር ጀምሮ እየፈታ መጣ። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ። ባይበራስ? በጎትጓችነቴ የቀረውን ብርሃኗንም አስጠፍቻት ቢሆንስ?

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው የሐኪሙን ነጭ ጋውን ነው፤ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሰማዩን አየች።

«አልመጣም አይደል?» አለች።

«ማን፣ እማማ?» አለ ሐኪሙ።

«ጌታ ነዋ!»

«ኧረ... አልመጣም።»

«እሰይ!» ብላ ብድግ አለች። «እኔን ኖሯል የጠበቀው! ደረስኩ! እንግዲህ ይምጣ!»

እልልታዋን አቀለጠችው። ከጎኗ ያሉት ባልቴቶች፣ ገና ያልተፈታላቸው ሳይቀሩ፣ ተቀበሏት። ሐኪሙ ፋሻውን እንደያዘ ሳቀ። እኔ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ጥያቄ መልስ የመጣው ያን ቀን ነው። ማንን ነው የሚጠብቀው? እናቴን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሷ እንባዬን አይታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ፣ ሸብተሻል እኮ!» አለች። «ሽበቱስ ይሁን፤ ይህን ቀሚስ ማን ነው ያስገዛሽ?»

ስንሸኝ ሐኪሙ «ግራውን ዓይን ተመልሰን ስንመጣ እንሠራልዎታለን» አላት። መቼ እንደሆነ ብጠይቀው ገና አልታወቀም አለኝ።

ቅዳሜ አገር ቤት ገባን። እናቴ ቤቷን በአንድ ዓይኗ አየችና የወንድሜ ሚስት ያን ቀን ዕረፍት አላገኘችም። ሸረሪት ድሩ ተጠረገ፤ ድስቱ እንደገና ታጠበ። ከዚያ ሣጥኗን ከፍታ የዚያን ጊዜውን ጧፍ አወጣች። ጨርቁን ስትፈታው አብዛኛውን አይጥ ቆራርጦታል።

«እኛ ስንጠብቅ አይጥ ሆዬ ጾሙን ፈታበት» አለች። የተረፉት አራት ነበሩ። ሁለቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ደብረ ዘይት ነበር። ማንም ሳይመራት ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ እንዲያውም በእርምጃ ቀደመችኝ። ከጎኗ ቆሜ፣ ጧፌን ይዤ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ እስከ መጨረሻው አስቀደስኩ። አባ በአጠገባችን ሲያልፉ የእናቴን ዓይን አዩ፤ ከዚያ የእኔን ጧፍ አዩና መስቀላቸውን አሳልመውኝ አለፉ። ጥርጣሬዬ እንደ ሞራ ተገፎ አልወደቀም፤ ብዋሽ ነውር ነው። ግን እግሬ አልደከመውም።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ እናቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ በምሥራቅ በኩል ያለውን ደመና ለረጅም ጊዜ አየች፤ ደስ ብሏት ነው የምታየው። ከዚያ ድንገት ትዝ ያላት ትመስላለች።

«ለመሆኑ እነዚያ ሐኪሞች ይመጣሉ? ለግራው ዓይኔ?»

«ይመጣሉ» አልኳት።

«መቼ?»

«ቀኑ አልታወቀም። መምጣቱንስ ይመጣሉ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እንመለሳለን ብለው ነዋ የሄዱት! ያንቺን ዓይን ያበሩ ሰዎች ቃላቸውን ይበላሉ?»

እናቴ ከደመናው ተመልሳ፣ በበራው ዓይኗ ትኩር ብላ አየችኝ።

«አየሽ?» አለችኝ።