ዚላ ትሪገር ከረጢቱን የቆረጠችበት ሐሙስ

ዚላ ትሪገር በእንግሊዝ አገር የኮርንዎል ሸራ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷ የጀልባ ሸራ እየሰፋ አሳደጋት፤ እሷም በባሕር ኃይሉ ሄሊኮፕተር ጣቢያ መስፊያ ቤት ገብታ ፓራሹትና የነፍስ አድን ሰደርያ ትጠግን ጀመር። ዝናዋ ግን የመጣው በከረጢቱ ነው። ከሄሊኮፕተሩ ጎን የሚንጠለጠል፣ በአየር የሚነፋ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ግራጫ ጨርቅ ነው፤ ራዳሩ በውስጡ እየዞረ ከአድማስ ማዶ ያለውን ያያል። የሌሎች ስኳድሮኖች፣ ማለት የበረራ ክፍሎች፣ አብራሪዎች «እርጉዞቹ መጡ» እያሉ ያላግጡ ነበር።

«እርጉዝ ስለ ሁለት ነፍስ ታስባለች፤ እናንተ ስለ ምሳችሁ ብቻ» ትላቸዋለች ዚላ።

ከረጢቱ የተወለደው በጥድፊያ ነው። ብሪታንያ ከአርጀንቲና ጋር በተዋጋችበት በፎክላንድ ጦርነት መርከቦቹ ከላይ ሆኖ የሚያይላቸው ዓይን አልነበራቸውም። የጠላት አውሮፕላን ማዕበሉን እየታከከ ይመጣና ከታየ በኋላ ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አይገኝም። ከተቃጠሉት መርከቦች በአንዷ የዚላ ታናሽ ወንድም ዴንዚል ምግብ አብሳይ ነበር። እዚያው ቀረ። በዚያው ሰሞን ራዳሩን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሄሊኮፕተር ላይ ሲሰቅሉት ጨርቁን ስፊ ተብላ የተጠራችው ዚላ ናት፤ ከነሐዘን ልብሷ ሄደች። ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት፦ ብረት ነክ ነገር እንዳይኖርበት፣ ራዳር ብረትን አልፎ አያይም።

ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ አድሚራል ሊጎበኝ ነው ተባለ። ጉብኝቱ ሐሙስ ጠዋት፣ ማታውኑ ሄሊኮፕተሩ ወደ መርከብ ተሻግሮ ለሦስት ወር ይወጣል። አዲሱ አዛዥ ኮማንደር ፌሎውስ ስኳድሮናቸው እንዲያምር ፈለጉ። መካኒኩ ጃጎ ታዘዘና ከወደቡ የጀልባ ዕቃ ሱቅ የብር ቀለም ገዝቶ ከረጢቱ ላይ ሰው የሚያህል መልሕቅ ሣለበት። እውነት ለመናገር ያምራል። ያ ቀለም የሚያብረቀርቀው ግን የአሉሚኒየም ዱቄት ስላለበት ነው። ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው።

ረቡዕ ዚላ አዛዡ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ያ መልሕቅ ይውጣ። ጨርቁ ቀለሙን ጠጥቶታል፣ አይፋቅም። ተቆርጦ ይተካ።»

«ምነው፣ አላማረም?»

«አምሯል። ከጀርባው ያለው ባሕር ግን አይታይም። በዚያ በኩል የሚመጣ ሳይታይ ይመጣል።»

«ስስ ቀለም ነው፣ ወይዘሪት ትሪገር። ስንመለስ እናስፈትሸዋለን።»

«ከተመለሳችሁ ነዋ» አለችና ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት መሰላል አቁማ መልሕቁን በአባቷ የሸራ ቢላ ዙሪያውን ቆርጣ አወረደችው። ጃጎ ፓስቲውን፣ ሥጋ የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ እየገመጠ ሲገባ ከሄሊኮፕተሩ ጎን በር የሚያህል ቀዳዳ ጠበቀው።

«ምን ነካሽ? አለቅን እኮ።»

«አንተ ምንም አትሆን የኔ ሸጋ። የሚበሩት እንዳያልቁ ነው። ይልቅ መሰላሉን ያዝልኝ።»

ጃጎ ፓስቲውን ኪሱ ከቶ መሰላሉን ያዘ። አድሚራሉ መጥተው ቀዳዳውን ትክ ብለው አዩት፤ ኮማንደሩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ «ጥገና ላይ ነው» አሉ። እንግዳው እንደሄዱ የራዳር ባለሙያዎቹ ያን ቁራጭ መሞከሪያ መሣሪያው ፊት ያዙት። በመልሕቁ በኩል ምንም አላለፈም። ዚላ ይህን ስትሰማ ቀና እንኳ አላለችም፤ አዲሱን ጨርቅ እየሰፋች ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሰች፤ ሄሊኮፕተሩም ለማታው ጉዞ ደረሰ።

ኮማንደሩ የሄሊኮፕተሩን መዝገብ ራሳቸው ይዘው መጡና በሩን ዘጉ።

«‘የጉዳቱ ምክንያት’ የሚለው ላይ ‘እርጅና’ ብለው ይጻፉ። በእርጅና ተቀደደ። እርስዎም አይነኩ፣ እኔም አልጠየቅ። አለዚያ ንብረት ማውደም ነው፤ ከሥራ ቢያስወጡዎት ላድንዎ አልችልም።»

ክፉ ምክር አልነበረም። ዚላ አሮጊት እናት ትጦራለች፣ በከተማው ሌላ መስፊያ ቤት የለም። እኔ ብሆን እጽፍ ነበር።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ለእናቴ ደብዳቤ መጣላት። ‘አደጋው አስቀድሞ ሊታይ አልቻለም’ ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ‘ማን ነው ያላየው?’ ትለኛለች። ምን ልበላት? በሉ እስክሪብቶዎን ያውሱኝ።»

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የብር ቀለም። ከረጢቱ ታውሮ ስለነበር ሆን ብዬ ቆረጥኩት። ዚላ ትሪገር።» ከዚያ መዝገቡን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

«አሁን እርስዎ ደግሞ ማን እንዳስቀባው ይጻፉ። ከስሜ ሥር ቦታ አለ።»

 ኮማንደሩ ወንበር ስበው ተቀመጡና ጻፉ።

ሰኞ ዕለት ዚላ ያለ ደመወዝ ለሁለት ወር ታገደች። የእግድ ደብዳቤው ግን በስም እየጠራ ዚላ ትሪገር ቆረጠች፣ ኮማንደር ፌሎውስ አስቀቡ ይላል። ቤት ወስዳ ለእናቷ አነበበችላቸው። እናትየው ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አሏት።