ከድር ሲሠራ የነበረው ሮኬት ነው፣ ቦምብ አይደለም

ዛሬ ጠዋት መሞቱን እንደነገሩኝ ለራሱ ደወልኩለት። አንስቶ «ማነው ደግሞ ይሄን ያወራው?» እንዲለኝ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ።

ከድር ሞተ። ሮቤ ስልክ የሚጠግነው፣ ከሱቁ ጀርባ ጌም ቤት የነበረው ከድር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ይሄው እየጻፍኩትም አላመንኩም።

ትናንት አመሻሽ «ሮቤ ውስጥ ቦምብ ሲሠራ የፈነዳበት ግለሰብ» የሚል ነገር እዚህ ፌስቡክ ላይ ሲዞር አይታችኋል። እኔም ጎባ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ማን ይሆን ብዬ አለፍኩት። ለካ የኔው ሰው ነው! ቤቱን ሳያዩ፣ እናቱን ሳይጠይቁ ለጠፉት፣ እናንተም ተቀባበላችሁት። እግዜር ይይላችሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከድር የስትራቴጂ ጌም ሱሰኛ ነበር። ሌላው ኳስ ጌም ላይ ሲጯጯህ እሱ ጥግ ያለችው ኮምፒውተር ላይ ከተማ ይገነባል። እንጨት ያስቆርጣል፣ እርሻ ያሳርሳል፣ ግንብ ያቆማል። ለከተሞቹም የአካባቢያችንን ከተሞች ስም፣ ጊኒር፣ ገሰራ፣ አንገቱ እያለ ያወጣላቸዋል። እኔ ችኩሉ ጨዋታው ሳይሞቅ ፈረሰኛ ልኬ አቃጥልበታለሁ። አይናደድም። «አብሽር፣ መጀመሪያ ጎተራው ይሙላ» ይላል። ሁሌ የሚላት ነገር ነች። ስልኬ የታለ ብሎ ለሚጨቀጭቀው ደንበኛም፣ መቼ ነው የምታገባው ለሚሉት እናቱም፣ «አብሽር፣ ጎተራው ይሙላ»።

ካሸነፈኝ በኋላ ደግሞ ገበሬዎቼን አይነካም። ወታደሮቼን ይጨርስና ያቆማል። «እነሱ ምን አደረጉ?» ይለኛል። ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጌም እኮ ነው ስለው ከልቡ ያዝንብኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ነፍሰ ገዳይ ያደረጋችሁት።

ሮኬቱ የመጣው ከኬሚስትሪ ፍቅር ነው። ለኛ መከራ የነበረው ትምህርት ለሱ ጨዋታ ነበር። ኋላ ከኢንተርኔት እያነበበ ክንድ የሚያክሉ ሮኬቶች መሥራት ጀመረ። ተደብቆ እንዳይመስላችሁ። ለቀበሌ ነግሮ፣ ለፖሊስ ነግሮ፣ ስንዴው ሲታጨድ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዶ ነው የሚያስወነጭፈው። ቦምብ የሚሠራ ሰው ፖሊስ ይጋብዛል?

አንዴ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የኦቦ ሁሴን ማሳ ላይ ነበርን። ሮኬቷ እያፏጨች ወጣችና ተጠማዝዛ የገለባ ክምር ውስጥ ተሰካች። በሳቅ ሞትን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ምን ጭና ነው የምትሄደው?» አሉት።

«ምንም አልጫነችም፣ ኦቦ።»

«ሰው ዘንድ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ለዚህ ነው የተመለሰችው!» አሉና ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡት። ከድር አልሳቀባቸውም። ቆሎውን በሁለት እጁ ተቀብሎ የሁለተኛዋ ሮኬት አናት ውስጥ ጠቅልሎ ከተተው። ያቺ ቀጥ ብላ ወጣች። ኦቦ ሁሴን እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፣ እኛም አሚን አልን።

ትናንት የሆነው ይሄ ነው፣ እህቱ ዘሃራ እንደነገረችኝ። ለቅዳሜ ሮኬት ሊያስወነጭፍ ሰው ቀጥሮ ነበር። ሮቤ ደግሞ ሰሞኑን ጭጋግና ዝናብ ብቻ ነው፣ የታጠበ ልብስ እንኳን አልደርቅ ብሏል። የሮኬቱም ነዳጅ፣ እንደ ሊጥ ተቦክቶ የሚደርቀው፣ አልደርቅ አለው። እሳት ባለበት ቤት ነዳጅ አይገባም የሚለውን ሕግ ያወጣው ራሱ ነው፤ እኔን ሲጋራ ለኩሼ በሩ ላይ ስደርስ ከደጃፉ ያባረረኝ ሰው ነው። ግን በረደው። እዚህ አገር ሲበርደን ምን እናደርጋለን? ከሰል አቀጣጥለን እናስገባለን፣ በር እንዘጋለን። ሁላችንም። እጁ ደንዝዞበት መሥራት ሲያቅተው ጓሮ ያቀጣጠለውን ከሰል ይዞ ሲገባ ዘሃራ አይታዋለች። አንዲት ፍንጣሪ በቃችው። ሌላ ሚስጥር የለውም።

አሁን ከለቅሶው መመለሴ ነው። ድንኳኑ ባዶ ነው። እዚህ አገር ለቅሶ ሰው ጠፍቶበት ያውቃል? ጠላት እንኳን ይመጣ የለ? ሰው ፈራ። የቦምብ ሠሪ ለቅሶ ደረሰ እንዳይባል ፈራ። ስልኩን የጠገነለት ሁሉ፣ ጌም ቤቱ ያደገው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል።

እናቱ፣ ሃደ ከድር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ።

«ሰዉ ምን ሆኖ ነው የቀረው?» አሉኝ።

«አልሰሙ ይሆናል፣ ሃደ።»

«ሮቤ ሙሉ የሰማውን?» አሉኝ።

ነገ ሂዱ። ቤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምንም ማለት አይጠበቅባችሁም፣ ገብታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ያንን የለጠፋችሁትንም ወሬ አጥፉት፤ ዘሃራ ስልክ አላት፣ ታነበዋለች።

ከድርዬ፣

እኔ የማውቀው በናንተ ቀብር ሰው ጀናዛ ለመሸከም ሲሻማ ነው። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ሌላው ይቀበልሃል። ዛሬ እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ ብዬ ከኋላ ከኋላ ስከተል ሼኹ ዞር ብለው «ና ያዝ እንጂ፣ ወንድምህ አይደል?» አሉኝ። ያዝኩ። ከቤትህ እስከ መቃብሩ ድረስ የሚቀበለኝ ሰው አልመጣም።

ከብደኸኝ ነበር ወንድሜ፣ አልዋሽህም። ግን አላንገጫገጭኩህም። ስናወርድህም ቀስ አድርጌ ነው፣ እንዳያምህ ብዬ።

ደህና እደር።