ሦስት ጊዜ የደፈንኩት ፓራብሬዛ

ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ፣ እኔ የገጠምኩትን ፓራብሬዛ አልፎ የገባ የዝናብ ጠብታ የለም። ኖኅ በእኔ ዘመን ቢሆን ኖሮ ለመርከቡ መስኮት አምቦ ድረስ ይመጣ ነበር። ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ለዓመታት ስናገር ኖሬአለሁ። አንዲት አሮጌ ሎንግ ቤዝ ግን አልሰማችኝም።

ሥራ የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ስሜ ሽፈራው፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት፣ ሙያዬ ወሬ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ «መስታወት ይዘህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እጄ የገባ ብርጭቆ ተሰብሮ አያውቅም።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው አሉ። በል ግባ።»

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪና የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ነጭ ሎንግ ቤዝ ነበረች። ሾፌሯ ኦቦ ለማ ይባላሉ፤ በሩን ሲዘጉ ጋራዡ በሙሉ ይነቃነቃል። ጋሽ ታደሰ አሠራሩን አሳየኝ። መስታወቱ ዙሪያውን ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ጠርዝ ይለብሳል። ጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ሲባጎ ይጠመጠማል፤ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል። ሲባጎው ሲወጣ ከንፈሩ ላሜራውን ዘሎ ይይዛል።

እኔ ውስጥ ሆኜ ስስብ፣ የላይኛው ጠርዝ ብቻ ሲቀር ሲባጎው ተበጠሰ። ሌላ አልነበረም። እኔ ደግሞ በጀመርኩበት ቀን መሸነፍ አልወድም፤ የለበስኩትን ቱታ የወገብ ገመድ መዝዤ አወጣሁ። ነጭና ቀይ ጉንጉን ነበር። በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ በሌላው ሳብኩ።

ኦቦ ለማ በመስኮት አጮልቀው፣ «ኦቦ ታደሰ፣ ሰውዬው መስታወት እየገጠመ ነው ወይስ ሱሪ እየጠበቀ?» አሉ።

ተሳቀ። መስታወቱ ቦታውን ያዘ። ገመዴን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ሎንግ ቤዟ በጋቢናው በስተቀኝ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ታንጠባጥብ ጀመር። ጥጉን በካቻቢቴ ከፍቼ ሲልከን ሞላሁበት። «እንግዲህ ጣና ውስጥ ብትነዷት ጉዳይ የለም» አልኩ። በቀጣዩ ክረምት ተመለሰች። እንደገና ያንኑ ጥግ ደፈንኩ። መንገዱን ወቀስኩ፤ ፀሐዩን ወቀስኩ፤ ከሁሉም በላይ የኦቦ ለማን በር አዘጋግ ወቀስኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሲስተር ጫልቱም አብራ መጣች። የክትባት ነርስ ናት፤ ያ ጥግ የሚያንጠባጥበው እሷ ጉልበት ላይ ነው። ላስቲክ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር የምትጓዘው። አብጦ የደረቀ መዝገብ ከመስታወቱ ሥር ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«እየው። ቀለሙ ፈሶ የሕፃናቱ ስም ጠፍቷል። ማን እንደተከተበ፣ ማን እንደቀረ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምጠይቀው። ኃላፊያችን ደግሞ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ካፈሰሰች ትቁም ብሏል። እሷ ከቆመች የክትባት ሳጥኑን ተሸክሜ ዳገቱን በእግሬ ነኝ።»

«አይዞሽ ሲስተር፣ ዛሬ ያንን ጥግ…»

«ጥጉን ተወው! ሁለት ጊዜ የሚያመውን ቦታ አከምክ። ከየት እንደመጣ ጠይቀሃል?»

ከቦርሳዋ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ለአፍ ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት አወጣች። መድኃኒቱን በውሃ አቀጠነች። ኦቦ ለማን ጋቢና አስገብታ በመስታወቱ ግርጌ ነጭ ፋሻ አስዘረጋቻቸው።

«ሎንግ ቤዟን ልትከትቢያት ነው?» አልኳት።

«አንተን ብከትብህ ይሻል ነበር፤ ለወሬ ክትባት አልመጣልንም እንጂ።»

ከታች ጀመረች። ጎሚኒው ሥር ጥቂት ጠብታ፤ ከዚያ ሰዓቷን ታያለች፤ ትጠብቃለች። ምንም የለም። አንድ ስንዝር ወደ ላይ። ጠብታ። ትጠብቃለች። የጋራዡ ሰው መፍቻውን እየጣለ ከበበን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የውሃ ፍተሻ ማለት ጎማ ቱቦ ይዞ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ መርጨት ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ በጠብታ ትጠይቃለች፣ መኪናዋም እንደምትመልስላት አውቃ ትጠብቃለች።

የግርጌውንና የጎኑን ጨርሳ ኮፋኖው ላይ ወጣች፤ ላይኛው ጠርዝ መሐል ስትደርስ ጠብታ ጨመረች። ረጅም ጊዜ አለፈ። ከዚያ ኦቦ ለማ ከውስጥ ጮኹ፦ «ዋቅ! መጣ! ሐምራዊ ነው! ጥጉ ጋ!»

ገብቼ አየሁ። ፋሻው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ ነበረች። ውሃው ከላይ መሐል ገብቶ፣ ጎሚኒው ውስጥ ውስጡን ዞሮ፣ ሁለት ክንድ ያህል ሄዶ ነው እኔ የምደፍነው ጥግ ላይ የሚወጣው። በር የሌለው ቤት ውስጥ ሰው ሲገባ ያየሁ ያህል ሆነብኝ። እኔ ለካ መውጫውን ነው የዘጋሁት።

ላይኛውን ከንፈር በካቻቢቴ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ከሥሩ አንድ የገመድ ቁራጭ፣ ጫፉ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ውጭ ሾልኮ፣ ውሃ እየጠጣ ወደ ውስጥ ይሰጣል። መዝዤ አወጣሁት። አንዱ ጫፉ ሐምራዊ ሆኗል። የቀረው ነጭና ቀይ ጉንጉን ነው።

ኦቦ ለማ ገመዱን አዩ። ቀጥለው ወገቤን አዩ።

«ማሎ፣ እባክህ ሽፈራው፣» አሉኝ፣ «ይሄን ቀለም የት ነው የማውቀው?»

ሲስተር ጫልቱ ከኮፋኖው ላይ መውረድ እስኪያቅታት ሳቀች። ላይኛውን ጠርዝ አጽድቼ፣ አድርቄ፣ ማስቲሽ ሞልቼ ዘጋሁት። ያን ክረምት መዝገቡ አልረጠበም። ሎንግ ቤዟም አልቆመችም።

መስታወት ለምትገጥሙ ሁሉ፦ ገመዱን ስታስገቡ ለኩት፣ ሲወጣም ለኩት።

እኔ ልለካው አያስፈልገኝም ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ቤቴ ገብቼ ገመዱን ቱታዬ ውስጥ መልሼ ሳስገባው ጫፉ ተበጥሶ አንድ ስንዝር አጥሮ አልታሰር አለኝ። የት እንደቀረ አውቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጥጉን ስደፍን ትዝ ብሎኛል፤ ክር ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። ለሚስቴ የነገርኳት ሆዴ መጨመሩን ነው።