ጉበት ሰጪዋ ሻይ ስታቀርብ

ካምፓላ ያለውን ሐበሻ ያስታረቀው የእኔ ጉበት ነው። በፖለቲካ ተኳርፈው የከረሙ ሰዎች ካምዎክያ ሰፈር ያለችው ሳሎኔ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ "ተመስገን፣ ፊትህ ወዛ እኮ!" ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በእንዲህ ያለ ምስክርነት ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ፣ ማስኬን አድርጌ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ እሰማለሁ።

"የእኔ ጉበት" ማለት ለምዶብኝ ነው። የታናሽ እህቴ ነው። ህንድ አገር ከግማሽ በላዩን ቆርጠው ለእኔ ተከሉልኝ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚናገር ጽሑፍ ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። ስለ ሰጪው የሚያወራው ክፍል ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ክትትል ነበረኝ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አይቶ ደስ አለው። ከዚያ፣ "እህትህስ? ከባድ ነገር አታነሳም አይደል?" አለኝ።

"ኧረ በፍጹም።"

በዋዜማው ውሃ ጠፍቶ፣ ጄሪካኑን ከግቢ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ያወጣችው እሷ ናት። ኮቴዋን ሶፋዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ደረጃው መሃል ላይ ቆም ማለቷንም።

ከሐኪሙ በተመለስኩበት ቀን ከሰዓት ጠያቂዎች መጡ፤ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ትልቅ ሴትዮና አየር መንገድ የሚሠራ ወዳጄ። እህቴ ፔርሙዝና ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ጋ ከመድረሷ በፊት በሩን ተደግፋ ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ ለሁላችንም ቀዳች።

"አንቺ ደግሞ ምነው ከሳሽ?" አሏት ሴትዮዋ።

"ጉበቴን ወስዶብኝ ነዋ፣ እትዬ።"

"እሱማ ተመልሶ ይበቅላል አሉ!"

"ጎመን ነው እንዴ?"

ወዳጄ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ልትስቅ ብላ ሆዷን በመዳፏ ያዘች። ሴትዮዋ ባዶ ብርጭቋቸውን ዘረጉላት። "በይ፣ ስኳሩን ቀነስ አድርጊና ድገሚኝ።"

ያኔ ተነሳሁ። ጠዋት ለሐኪሙ የመለስኩለት መልስ ሲቆረቁረኝ ነበር የዋለው። ትሪውን ከነፔርሙዙ አነሳሁና፣ "ተቀመጪ፤ ዛሬ እኔ ነኝ የማቀርበው" አልኳት። ግራ ገብቷት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት። "እዩት! ቆሞ ሄደ! ትሪ ተሸከመ! የእግዜር ሥራ!" ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝ።

"የደከማት እኮ እሷ ናት" ልል ነበር። ሙገሳው ግን፣ ለመናገር በሚያሳፍር ሁኔታ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለፎቶው ቀና እንዳልኩም ትዝ ይለኛል።

"አንቺ ምን ቁጭ ብለሽ ታያለሽ?" አሉ ሴትዮዋ ወደ እህቴ ዞረው። "ተቀበይው እንጂ! በሽተኛ ይሸከማል?"

እህቴ የሶፋውን ክንድ ተመርኩዛ ተነሳች፤ ሁለት እጇንም ዘረጋችልኝ።

ትሪውን ለቀቅኩላት።