ለሚስተር ኩሪያን የተተከለው ድንኳን

እማማ ጠጄ አቃቂ ተወልደው አቃቂ ያረጁ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው የድንጋይ ቤት ይኖሩ ለነበሩት ህንዳዊ ደራሲና መምህር፣ ለሚስተር ኩሪያን፣ ወጥ ይሠሩ ነበር። ሰውየው አገራቸው ገብተው ቢሞቱም እማማ ከቤቱ ንቅንቅ አላሉም።

ትናንት አንድ ኃላፊ መጥቶ ቤቱ እንደሚፈርስ ነገራቸው። ዛሬ ኤክስካቫተሩ እያጓራ ሲደርስ የዕድሩ ድንኳን በሩ ላይ ተተክሎ ጠበቀው። ሹፌሩ «ለቅሶ ቤት አላፈርስም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ኃላፊው ደም ሥሩ ተገታትሮ እማማ ፊት ቆመ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ሚስተር ኩሪያን።»

«እሳቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ይቀልዳሉ እንዴ?»

እማማ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ቤታቸው እስካለ አልሞቱብኝም ነበር። ትናንት አንተ አረዳኸኝ። በል ተቀመጥ፤ መርዶ ነጋሪ ሳያላቅስ አይሄድም።»